ድንች ረክሷል

«ናፍቀኸኝ ነው የደወልኩት» የሚል አባት እንጅባራ ውስጥ አለ ቢሉኝ አላምንም። ቢኖርም ከሌላ አገር በእንግድነት የመጣ ነው የሚሆነው። የእኛ አገር አባት ስልክ የሚደውለው ጉዳይ ይዞ ነው። የእኔ አባት ጉዳይ ድንች ነው። ወይ ረክሷል፣ ወይ ተወዷል። ድንቹ ሁለቱንም ካላደረገ ላሟ ወልዳለች፤ የእኛ ላም ካልወለደች የጎረቤት ላም ወልዳለች።

እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ድንች አላርስም፣ አልነግድም፤ ስገዛም ባለ ሱቋ መዝና የሰጠችኝን ተቀብዬ ከፍዬ የምሄድ ሰው ነኝ። አባቴ ግን የእንጅባራን ገበያ ውሎ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይተርክልኛል። ጠዋት በስንት እንደተጀመረ፣ ቀትር ላይ በስንት እንደወረደ፣ ጫኝ መኪና ሲመጣ ሻጩ ሁሉ እንዴት እንደኮራ። ትረካው ሲያልቅ «በል እንግዲህ» ይላል። አይዘጋም ግን። ትንሽ ዝም ይልና ጉሮሮውን ጠርጎ፣

«ሥራ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«ጤናህስ?»

«ደህና ነኝ አባ።»

«እሺ፣ በል እንግዲህ።»

አሁንም አልዘጋም። «እዚያ ብርድ አለ?» ያ ሁሉ ድንች ከማሳ ተቆፍሮ፣ ገበያ ወጥቶ፣ ተመዝኖ የተሸጠው ይህችን ለመጠየቅ ነው።

ሰበብ እንዳያልቅበት አገሩም ይተባበረዋል። የድንቹ ወሬ ሲሰለች ገብሱ አለ። ገብሱ ሲሰለች ቀርከሃው አለ፤ ደጋው ላይ በቅሎ፣ አጥርም ወንበርም አልጋም ሆኖ መንገድ ዳር የሚደረደረው። በኋላ ደግሞ ዲከረንስ መጣ። የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬ ማሳውን በዚህ ቶሎ አዳጊ የግራር ዘመድ ሞልቶ፣ በአራት በአምስት ዓመቱ እየቆረጠ ከሰል እያከሰለ ወደ ከተማ መጫን ሲጀምር አባቴ አዲስ ምዕራፍ ከፈተ። «አዲስ አበባ አንድ ማዳበሪያ ከሰል ስንት ገባ?» ይለኛል። በኤሌክትሪክ ነው የማበስለው ብለውም አይለቀኝም። «እንግዲያው ጎረቤት ጠይቅና ንገረኝ።» እዚህ ላይ ብልሃቱ ይታያችሁ፤ መልሼ እንድደውል የሚያስገድደኝ ሥራ ሰጠኝ ማለት ነው። ጎረቤቴንም ጠየቅሁ፤ እሷም በኤሌክትሪክ ነው የምታበስለው።

እናቴ የዳንግላ ልጅ ናት፤ ሰበብ የሚባል ነገር አታውቅም። ስልኩን አንስቼ «ሀሎ» ከማለቴ «ምን ሆነሃል?» ትላለች። ምንም አልሆንኩም። «ድምፅህ ልክ አይደለም።» ሐኪም ደም ወስዶ፣ ሌላም ወስዶ፣ ውጤቱን ከሰዓት ተመልሰህ ና የሚለኝን እሷ በአንዲት ሀሎ ትጨርሰዋለች። «ጉንፋን ነው» ትላለች፤ በማግስቱ አስነጥሳለሁ። ቀጥሎ ምርመራው ወደ ሆድ ይወርዳል።

«በልተሃል?»

«በልቻለሁ።»

«ምን?»

«ሽሮ።»

«ማን ሠርቶልህ?»

«ራሴ።»

ዝም ትላለች። ትዳር የሚባለው ነገር ያለው በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው፤ ሁለታችንም እናውቀዋለን፣ ሁለታችንም ለጊዜው እናልፈዋለን። «ቅቤ ነበረው?» ትላለች በመጨረሻ። ቅቤ ከላከችልኝ ወራት አልፈዋል፤ ግን ቅቤው አልቋል ካልኩ ነገ ጠዋት ለአውቶቡስ ሾፌር አደራ ይሰጣል፣ እኔም ማታ መናኸሪያ በር ላይ ቆሜ ሾፌሩን መፈለጌ ነው። «ነበረው» እላለሁ። «አልነበረውም» ትላለች እሷ፤ ይህንንም ከድምፄ ሰምታ ነው።

ሁለቱ አንድ ላይ የደወሉ ቀን ስልኩን ላውድ አድርገው መሃላቸው ያስቀምጡትና ይረሱኛል። አባቴ «የዛሬው ብርድ አይጣል ነው» ይላል፤ እናቴ «ዳንግላ እንዲህ ያለ ብርድ የለም» ትላለች። ዳንግላ ቢርቅ ከእንጅባራ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዝቅ ስለሚል ግን ሞቅ ይላል። አባቴ ይህን የሚሰማው እንደ ስድብ ነው። የአዊ ዞን ዋና ከተማ የት እንደሆነ ያስታውሳታል። እሷ ደግሞ የእንግሊዝ ቆንሲል የተቀመጠው የት እንደነበር ታስታውሰዋለች። እውነቷን ነው። ቺዝማን የሚባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ቆንሲል ሆኖ ዳንግላ ተቀምጧል፤ ከዚያ እየተነሳ ጣናንና ዓባይን እየዞረ አጥንቶ በ1936 መጽሐፍ አሳትሟል። ሰውየው ዳንግላ የገባው መንግሥቱ ልኮት ነው። እናቴ ግን አየሩ ስለተስማማው እንደሆነ አትጠራጠርም። «እንጅባራ ቢሆን ዘጠኝ ዓመት ይቆይ ነበር? በብርድ ያልቅ ነበር!» አባቴ ለዚህ መልስ ሲያጣ ድንገት «እንዴ! ልጁ መስመር ላይ ነው!» ብሎ ይጮሃል። ትዝ ያልኩት እኔ ሳልሆን ሂሳቡ ነው።

የእናቴ ስልክ ባለ ባትሪ ናት፤ አናቷ ላይ መብራት ያላት፣ አንዴ ቻርጅ ከተደረገች ሳምንት የምትሰነብት፣ ከብዙ መነካካት የተነሳ ቁጥሮቿ የተፋቁ። በመሃረብ ትጠቀለላለች፣ መሃረቡ መቀነት ላይ ይቋጠራል፣ ከመቀነቱ በላይ ጋቢ ይደረባል። እንግዲህ ስልኳ ስትጠራ መጀመሪያ ጋቢው ይገለጣል፣ ቀጥሎ መቀነቱ ይፈታል፣ ቀጥሎ መሃረቡ ይፈታል፤ በዚህ መሃል ጥሪው ያልቃል። ስለዚህ ለእናቴ የሚደወለው እንድትደውል ለማስታወስ ነው። መልሳ ደውላ «ደውለህ ነበር?» ትላለች። አዎ። «እኔም ልደውል እያልኩ ነበር።» መሃረቡ ውስጥ ከስልኳ ሌላ ጥቂት ብር፣ የቁም ሣጥን ቁልፍና አራት ማዕዘን ሆና የታጠፈች ወረቀት አሉ። ወረቀቷ ላይ የእኔ ቁጥር ተጽፏል። ቁጥሩ እኮ ስልኩ ውስጥ ተመዝግቦልሻል ስላት «ስልኩ ቢጠፋስ?» አለችኝ። ስልኩም ወረቀቱም አንድ መሃረብ ውስጥ መሆናቸውን ላነሳላት ብዬ ተውኩት፤ እናት ያሰረችውን ቋጠሮ መፍታት ለልጅ አይገባም።

አባቴ ወረቀት አያምንም። የልጆቹን ቁጥር ከበሩ ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ በከሰል ጽፎታል፤ በዕድሜያችን ተራ፣ ስም ሳይጨምር። ለበዓል ቤቱ ሲለቀለቅ ጭቃው በቁጥሮቹ ዙሪያ ይዞራል እንጂ አይነካቸውም። ታናሽ እህቴ ሲም በቀየረች ጊዜ አሮጌው ቁጥሯ አልጠፋም፤ አዲሱ ከጎኑ ተጻፈ። «ምናልባት ወደ ድሮው ከተመለሰች» ነው ምክንያቱ።

እናቴ ስልኳን እንዲህ አጥብቃ ስለምትይዛት አንዳንዴ መቀነቱ ራሱ ይደውልልኛል። አንስቼ «ሀሎ እማ» እላለሁ፤ የሚመልስ የለም። ጨርቅ ይንኮሻኮሻል፣ ሙቀጫ ውስጥ ቡና ይወቀጣል፣ ዶሮ «እሽ» ይባላል። ጨዋ ሰው ቢሆን ይዘጋ ነበር። አንድ ቀን እንዲሁ ጆሮዬን ደቅኜ ስሰማ የጎረቤታችን ድምፅ መጣ።

«ያ ልጅሽ እንዴት ነው?»

«ይመስገን፣ ደህና ነው። አሁንማ ኃላፊ ሆኗል።»

ኃላፊ አልሆንኩም። ቢሮዬ ውስጥ በእኔ ሥር ያለው አንድ ፕሪንተር ነው፤ እሱም አይታዘዘኝም።

«ሰውነቱስ? ከስቷል ሲሉ ሰምቼ...»

«ማነው ያለው? ሥጋ እኮ ነው ሲበላ የሚውል!»

ይህን የምትለው የትናንቱን ቅቤ አልባ ሽሮ በራሷ ጆሮ ያረጋገጠችው ሴት ናት። ቀጥሎ የበሩ ማጠፊያ ሲጢጥ አለ፣ አባቴ ገባ፣ ጎረቤቲቱን ሰላም አለ፣ ዱላውን ጥግ አስደገፈ። ይህን ሁሉ በጆሮዬ አየሁት።

«ደወለ?»

«ማለዳ ደወለ።»

«ምን አለ?»

«ምንም አላለ።»

«ድምፁስ?»

«ድምፁ ደህና ነው።»

«እሰይ» አለ አባቴ፤ ወንበር ተሳበ፣ ሲኒ ተንኳኳ፤ ከዚያ ሂሳቡ አለቀና መስመሩ ተቋረጠ። በማግስቱ እናቴ በጎረቤት ስልክ ደውላ «ይቺ ስልክ ካርዴን ለማን እንደምታበላው አላውቅም» ብላ አማረረች። ትንፍሽ ሳልል ካርድ ሞላሁላት።

ማለዳ ደውዬ ምን ብዬ እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። በእርግጥም ምንም አላልኩም። እነሱ ግን የሚፈልጉትን ሁሉ ወስደው፣ ለሁለት ተካፍለው፣ ቡና ጠጥተውበታል።

ይህ የጨርቅ ድምፅ ሳይቀር ለመስማት የበቃነው ግን ብዙ ዘመን ተጠብቆ ነው። ስልክ በአፄ ምኒልክ ዘመን ገባ፤ የመጀመሪያው ረጅም መስመር አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ሽቦው ውስጥ ሰይጣን ነው የሚያወራው ያሉም እንደነበሩ ይተረካል። ሞባይል አዲስ አበባ የገባው በ1991 ነው፤ ወደ እኛ ሰፈር እስኪዘልቅ ደግሞ ሌሎች ዓመታት ወሰደ። እስከዚያው የነበረው የቴሌ ቢሮ ነው። እኔ ተማሪ ሳለሁ በቀን በሰዓት ቀጠሮ ይያዛል፤ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ቴሌ ጠብቁኝ ብዬ በመንገደኛ እልካለሁ። አባቴ ለዚያ ቀን ነጭ ጋቢውን ይለብሳል፣ ጫማውን ይወለውላል። እናቴ ዳቦ ትጋግርና በአገልግል ይዛ ትሄዳለች። ዳቦው በሽቦ እንደማይተላለፍ ጠፍቷት አይደለም፤ ባዶ እጇን ወደ ልጇ ሄዳ ስለማታውቅ ነው። ዳቦውን የቴሌው ሠራተኛና ተራ የሚጠብቀው ሕዝብ ይበላዋል፤ እኔ ወዲህ ማዶ ሆኜ የሰው አፍ ሲያኝክ እሰማለሁ።

ያኔ የተጀመረው ጩኸት እስከ ዛሬ አልቀረም። አዲስ አበባ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ አባቴ ድምፁ መንገድ ላይ እንዳይደክም አርቆ ይወረውረዋል። ታክሲ ውስጥ ሳለሁ ከደወለ የድንች ዋጋ ከሾፌሩ እስከ ረዳቱ ሁሉም ያውቃል። እንዲያውም አንድ ጊዜ ረዳቱ «በኪሎ ነው በኩንታል?» ብሎ ጠይቆኛል።

ምስጢር ሲሆን ወደ አገውኛ እንዞራለን። አዲስ አበባ ውስጥ አገውኛ መናገር ማለት ታክሲ ሙሉ ሰው ፊት በራስህ ክፍል በር ዘግተህ መቀመጥ ነው፤ ሁሉም ይሰማሃል፣ ማንም አይሰማህም። አንድ ቀን ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ ስሄድ እናቴ በዚያው በአገውኛ ያንን የቆየ ዝምታ ሰበረችው። ዳንግላ ውስጥ አንዲት አስተማሪ አለች፤ ጨዋ ናት፣ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች፣ እናቷን ታግዛለች። እኔም በምወደው ቋንቋ፣ በከፍተኛ ድምፅ፣ ገና እንደሆንኩ፣ ደመወዝ እንደማይበቃ፣ ኑሮ እንደከበደ ዘረዘርኩ። ተሳፋሪው መስኮት መስኮቱን ያያል። ከኋላ ወንበር ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት ወደ ፊት ዘንበል ብለው፣ ጥርት ባለ አገውኛ፣ «እናትህ እውነቷን ነው፤ ደመወዝ ጠብቆ ያገባ የለም» አሉኝ። ላብ በላብ ሆንኩ። «ስጠኝማ» ብለው ስልኩን ተቀበሉኝ። ሁለቱ ቄራ ሳንደርስ አገር ለአገር ተጠያየቁ፣ ጎተራ ላይ ዘር ቆጠሩ፣ ሳሪስ ስንደርስ በአያት በኩል ዘመድ ሆኑ። ስልኬን የመለሱልኝ ከመውረዳቸው በፊት «አክስትህ ነኝ፤ እሑድ ና» ብለው ነው። ሄድኩ። ቅቤ ያለው ሽሮ ነበር።

ውጭ አገር ያሉት ልጆች ደግሞ ሌላ ፈተና አለባቸው፤ እነሱ ወላጆቻቸውን ያያሉ። ቨርጂኒያ ያለው የአጎቴ ልጅ በኢሞ ሲደውል አጎቴ ስልኩን እንደለመደው ጆሮው ላይ ይለጥፈዋል። ልጁ ዓመት ሙሉ የሚያየው የአባቱን የግራ ጆሮ ነው። «አባባ ራቅ አድርገው» ሲለው ጣሪያው ይመጣል። አሁንማ ጣሪያው ላይ ያለው ቆርቆሮ ስንት ቦታ እንደሚያፈስ ከአሜሪካ ሆኖ ቆጥሮ ማደሻ ልኳል። እውነት ለመናገር ከፊት ይልቅ የጠቀመው ጣሪያው ነው።

ይሁንና ስልክ የማይሸከመው አንድ ነገር አለ። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም። መርዶ በሰው ይመጣል፤ ዘመድ ወዳጅ ተጠራርቶ፣ ማልዶ በር አንኳኩቶ፣ ሰውየው ከቤት ሳይወጣ። ስልክ የሚያመጣው ዳር ዳሩን ነው፤ «ትንሽ አሞት ነበር፣ አሁን ተሽሎታል፣ ግን መጥተህ ብታየው ደስ ይለዋል።» ይህን የሰማ ልጅ ሌላ ጥያቄ አይጠይቅም፣ ትኬት ይቆርጣል። ስለዚህ ስልክ ጠርቶ ስለ ድንች ከተነገረኝ አገር ሰላም ነው። ተሽሎታል የተባለ ሰው የለም፣ መጥተህ እየው የተባለ ሰው የለም፤ ያለው ድንች ነው። ድንቹ ቢረክስም ቢወደድም ለእኔ ያው የምሥራች ነው፤ ይህን ለአባቴ ማስረዳት ግን አልቻልኩም።

በ2015 ሐምሌ መጨረሻ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ኢሞውም ቴሌግራሙም ቀጥ አለ። የአጎቴ ልጅ ጆሮ እንኳ ናፈቀው። የእናቴ ባለ ባትሪ ስልክ መጀመሪያውንም ኢንተርኔት የሚባል አታውቅምና አልደነገጠችም፤ ግን ተራው መስመርም እየጠፋ የሚመጣበት ጊዜ ነበር። አዲስ አበባ ያለን የአዊ ልጆች ስንገናኝ «እንዴት አደርክ» ቀርቶ «ገባልህ?» ነበር ሰላምታችን። አንዱ ገብቶለት ከሆነ እንከበዋለን፤ የእሱ ሰፈር ሰላም ከሆነ የእኛም ሳይሆን አይቀርም ብለን። አንድ ማለዳ ስሞክር ጠራ። ጋቢው፣ መቀነቱ፣ መሃረቡ እየታየኝ ቆየሁ። ያነሳው አባቴ ነበር።

«ድንች ረክሷል» አለ፤ ሰላምታም አላስቀደመ። «የሚጭነው መኪና የለም። ማሳ ላይ ሊበሰብስ ነው።»

«እሰይ!» አልኩ ሳላስበው።

«ምን አልክ?»

«አይ... እግዚአብሔር ይመስገን ማለቴ ነው።»

«ድንቼ በሰበሰ እያልኩህ ይመስገን ትለኛለህ?» ተቆጣ፤ እውነተኛ፣ ጤነኛ፣ ሳንባው ሙሉ የሆነ ሰው ቁጣ። እንዲህ ያማረ ስድብ ሰምቼ አላውቅም። እናቴ ከጀርባ «ምን አለ? ድምፁስ?» ትላለች።

የምፈራው እንግዲህ ድንች ያልተነሳበትን ስልክ ነው። አንድ ማታ አባቴ ደውሎ በለሰለሰ አንደበት «ሥራህን ተረጋግተህ ሥራ፣ ለእኛ አታስብ» አለኝ። ድንችስ? «ተወው እሱን።» እግሬ ተንቀጠቀጠ። ወዲያው ለእህቴ ደወልኩ፣ ለጎረቤት ደወልኩ፣ ሁሉም «ደህና ናቸው፣ ምንም የለም» አሉኝ፤ ይህ ደግሞ አባሰው። በመጨረሻ እናቴ አወጣችው። ፈረስ ጥሎት ነው። ወገቡን ትንሽ አሞት ተኝቷል። የደበቀኝ እንዳልጨነቅ አልነበረም፤ አፍሮ ነው። አገው ሆኖ ከፈረስ ወደቅሁ ማለት በስልክም በአካልም የሚነገር ወሬ አይደለም። እናቴ ደግሞ ጊዜ ሳታጠፋ ጨመረችበት፤ «የዳንግላ ፈረስ አይጥልም።»

ዳነና ጥር ደረሰ። የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በ1932 የተቋቋመ ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በዓሉን ያከብራል። ፈረሰኛው ከየወረዳው ይመጣል፣ ፈረሱ በመርገፍ ያጌጣል፣ ሜዳው በአቧራና በእልልታ ይሞላል። አባቴን የወገቡ ነገር ገና አለቀቀውም ነበር፤ ያን ዓመት ተመልካች ሆነ። ተመልካች መሆኑን ግን ብቻውን አልቻለውም፣ ደወለልኝ።

«ስማ!» ብሎ ስልኩን ወደ ሜዳው ዘረጋው።

የሰማሁት ነፋስ ነው፤ ከነፋሱ ኋላ ሺህ ሰው ባንድ ጊዜ ይጮሃል።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«ዳማው ቀደመ አይደል?»

ዳማ ይሁን ቡላ በጆሮዬ በምን አውቄው። «ቀደመ» አልኩ። «የለም፣ የለም፣ ቆይ ስማ፣ አሁን ሌሎቹ ሊነሱ...» ሲል ሂሳቡ አለቀ። ጥቂት ቆይቶ ከማላውቀው ቁጥር «ይደውሉልኝ» የሚል መልእክት መጣ። ደወልኩ። «ይሄ የወዳጄ ስልክ ነው» አለ አባቴ፣ «የት ደርሰን ነበር?» እስኪመሽ ድረስ በሰው ስልክ፣ በእኔ ሂሳብ፣ የፈረስ ኮቴ አዳመጥኩ።

ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ ያ ቁጥር ራሱ ደወለ። «ልጄ፣ የአባትህ ወዳጅ ነኝ፤ ያን ዕለት በስልኬ ያወራችሁ። አባትህ ደህና ገብቶ እንደሁ ልጠይቅ ብዬ ነው።» ሰውየው የጓጉሳ ሰው ናቸው፤ ለአባቴ ጎረቤት ወረዳ፣ ለእኔ የአንድ ቀን መንገድ። ደህና ገብቷል አልኳቸው። «እሰይ። አንተስ? በልተሃል?» በልቻለሁ። «ማን ሠርቶልህ?» ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ይደውላሉ፤ እሳቸውም ሰበብ አያጡም፣ የእሳቸው ገብስ ነው። ባለፈው ሲደውሉ የወንድማቸው ልጅ እዚሁ አዲስ አበባ ሆስፒታል ነርስ መሆኗን፣ ረጋ ያለች መሆኗን፣ ሽሮም አሳምራ እንደምትሠራ ነገሩኝ። ይህን ለእናቴ እንደ ቀልድ ባጫውታት ስለ ዳንግላዋ አስተማሪ እንኳ ትንፍሽ ሳትል መቀነቷን ስትፈታ ተሰማኝ፤ ወረቀቷን እያወጣች ነው። «የሰውየውን ቁጥር ንገረኝ፣ ቀስ ብለህ» አለችኝ።